የመጠጥ ውሃን ከጀርም ማንጻት ስለሚሰጠው ጥቅም

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን፣ ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን በምናከብርበት በዚህ በዓል ላይ ቆመን እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን፣ በክፍላችን ተማሪዎች ሁሉ ስም ከፍ ያለ ምስጋናችንን እናቀርባለን። በእንደዚህ ያለ ቀን ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ አገር ፍቅር ወይም ስለ ትምህርት ክቡርነት መናገር የተለመደ ነው። እኛ የመረጥነው ርእስ ግን ሲሰሙት ዝቅ ያለ ይመስላል፤ ስለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ነውና። «ስለ ውሃ ደግሞ ምን የሚነገር አለ? ውሃ ያው ውሃ ነው» የሚል ቢኖር፣ ጥቂት ደቂቃ ታግሦ እንዲሰማን በትሕትና እንለምናለን።

አባቶቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ። ይህ ተረት የተነገረው ወንዝ ለሚሻገር ሰው ነው። ውሃው መጀመሪያ ከቁርጭምጭሚት፣ ቀጥሎ ከጉልበት፣ ከዚያም ከወገብ እየደረሰ፣ ሰውየው ገና ሲሥቅ ይዞት ይሄዳል። እኛ ግን ይህ ተረት ለሚሻገር ሰው ብቻ ሳይሆን ለሚጠጣም ሰው እንደሚሠራ ለማስረዳት እንሞክራለን። ውሃ ጥርት ብሎ፣ ቀዝቅዞ፣ ጣዕሙም አምሮ በውስጡ ሞትን ሊይዝ ይችላል። ዓይንና ምላስ ውሃን መርምረው ሊፈርዱ አይችሉም። የንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

የሚገድለው ነገር ምንድን ነው? በዓይን የማይታይ ረቂቅ ሕይወት ያለው ነገር፣ ጀርም የምንለው ነው። የኮሌራ ጀርም ርዝመቱ ከሁለት እስከ ሦስት የሚሊሜትር ሺህኛ ቢሆን ነው። ስለዚህ በአጉሊ መነጽር ካልሆነ በቀር አይታይም። ወደ ውሃ የሚገባውም በአብዛኛው ከሰው ዓይነ ምድር ነው። ሜዳ ላይ የተጣለውን ዝናብ ጠርጎ ወደ ምንጩና ወደ ወንዙ ያወርደዋል፤ ወይም በደንብ ካልተቆፈረ መጸዳጃ እየሰረገ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ኮሌራ፣ የአንጀት ተስቦ ወይም ታይፎይድ፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ ጃርዲያ፣ አንዳንዱም የጉበት በሽታ በዚህ መንገድ ይመጣል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በተበከለ የመጠጥ ውሃ ምክንያት በሚመጣ ተቅማጥ ብቻ በያመቱ 500 ሺህ ያህል ሰዎች ይሞታሉ። ተቅማጥ በሚጸናበት ጊዜ ፈጥነው የሚደክሙትም ሕፃናት ናቸው።

ይህ ነገር ለእኛ ዛሬ ግልጽ ቢሆንም፣ ታላላቅ ከተሞች እንኳ ያወቁት ብዙ ሕዝብ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚህ ታሪክ ሦስት ምሳሌዎችን እንጥቀስ።

በመጀመሪያ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. በለንደን ከተማ፣ ሶሆ በተባለው ሰፈር ኮሌራ ተነሣ። በአሥር ቀን ውስጥ ከ500 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ሐኪሞች በሽታውን የሚያመጣው የገማ አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ዶክተር ጆን ስኖው ግን ከቤት ወደ ቤት እየሄደ ማን እንደ ሞተና ውሃ ከየት ይቀዳ እንደ ነበረ ጠየቀ። ከሞቱት የሚበዙት ብሮድ በተባለው መንገድ ላይ ካለው አንድ የውሃ ፓምፕ የሚጠጡ ሆነው አገኛቸው። የዚያም ፓምፕ ውሃ በሰፈሩ መልካም ውሃ ነው ተብሎ የተመሰገነ ነበር። ከከተማው ራቅ ባለ ሰፈር የምትኖር አንዲት ባል የሞተባት ሴት እንኳ ጣዕሙን ስለምትወደው በየቀኑ በጠርሙስ እያስመጣች ትጠጣ ነበር። በሰፈርዋ ኮሌራ የሚባል ሳይኖር እርስዋ በኮሌራ ሞተች፤ ልትጠይቃት መጥታ ከዚያው ውሃ የጠጣችው የዘመድዋ ልጅም ወደ ሰፈርዋ ተመልሳ ሞተች። በአንጻሩ ከፓምፑ አጠገብ በነበረው የቢራ መጥመቂያ የሚሠሩት ሰዎች ከፓምፑ ስለማይጠጡ አንድም አልሞተባቸውም። ይህን ስንናገር ግን ከወላጆቻችን መካከል «እንግዲያስ ጠላ ይሻላል» የሚል እንዳይኖር እናሳስባለን፤ የምንናገረው ስለ ውሃ ነው! በመጨረሻ የዶክተር ስኖው ማስረጃ ተሰምቶ መስከረም 8 ቀን የፓምፑ እጀታ ተነቀለ።

ሁለተኛው ምሳሌ በጀርመን አገር የሆነ ነው። ሐምቡርግና አልቶና ግንብ ለግንብ የተያያዙ ሁለት ከተሞች ነበሩ፤ ሁለቱም የሚጠጡት ከኤልበ ወንዝ ነበር። ሐምቡርግ ከላይ ስለሆነች ውሃውን ሳታጣራ ትጠጣው ነበር። አልቶና ግን ከታች ስለሆነች የሐምቡርግን ቆሻሻ የተሸከመው ውሃ ይደርሳት ነበር፤ ስለዚህ በአሸዋ አጣርታ ትጠጣ ነበር። በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1892 ዓ.ም. ኮሌራ በገባ ጊዜ በሐምቡርግ ከ8 ሺህ በላይ ሰዎች ሲሞቱ አልቶና ከጥቂቶች በቀር ተረፈች። የሁለቱ ከተሞች ወሰን በሚያልፍበት መንገድ ላይ እንኳ፣ በአንዱ ወገን ያሉ ቤቶች ሲያለቅሱ በሌላው ወገን ያሉት ደኅና ነበሩ። አየሩ አንድ ነው፤ ፀሐዩ አንድ ነው፤ የተለየው ውሃው ብቻ ነው። የኮሌራን ጀርም ለይቶ ያስታወቀው ሊቅ ሮበርት ኮኽ ይህን በዓይኑ ተመልክቶ ለዓለም አስረዳ። ለእኛ የሚሰጠን ትምህርትም ይህ ነው፤ ቆሻሻ ውሃ የደረሳት ከተማ ስላጣራች ዳነች፤ የተሻለ ውሃ የነበራት ከተማ ስለታመነችበት ጠፋች።

ሦስተኛው በአሜሪካ፣ ጀርሲ ሲቲ በተባለ ከተማ የተደረገው ነው። በኤውሮጳ አቆጣጠር መስከረም 26 ቀን 1908 ዓ.ም. ዶክተር ጆን ሊል የተባለ ሐኪም የከተማው ሕዝብ በሚጠጣው ውሃ ውስጥ ጥቂት የክሎሪን መድኃኒት ማግባት ጀመረ። ከዚያ በፊት በእንግሊዝ አገር ክሎሪን በውሃ ላይ ተሞክሮ ነበር። የአንድን ትልቅ ከተማ ውሃ ዕለት ዕለት ሳያቋርጡ በዚህ መድኃኒት ማንጻት ግን በአሜሪካ ምድር የመጀመሪያው ነበር። ነገሩ በፍርድ ቤት ክርክር ላይ ስለ ነበረ፣ በውሃ ውስጥ ኬሚካል መጨመር ሰውን ያስደነግጥ ነበርና ብዙ ሙግት ተነሣ። በመጨረሻ ግን አሠራሩ ደኅና መሆኑ ተመሰከረለት። ሌሎች ከተሞችም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከተሉት፤ ታይፎይድም ውሃቸውን ካነጹት ከተሞች እየራቀ ሄደ።

ከሩቅ አገር ወደ አገራችን እንመለስ። ኮሌራ ለኢትዮጵያ አዲስ እንግዳ አይደለም። በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1866 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር በጣና ሐይቅ አጠገብ ሰፍሮ ሳለ ይኸው በሽታ ገብቶበት፣ ንጉሡ ሰፈሩን ነቅለው ወደ በጌምድር ደጋ ወጡ። በእኛም ዘመን አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ወይም «አተት» የሚለውን ቃል ያልሰማ ሰው የለም፤ በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ድረስ ደርሶ ነበር። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ የተነሣው ኮሌራም ወደ ብዙ ክልሎች ተዛምቷል። አዲስ አበባ ከገፈርሳና በ1970 በኤውሮጳ አቆጣጠር ከተሠራው ከለገዳዲ ግድብ የምታገኘው ውሃ ተጣርቶ ክሎሪን ይገባበታል። ነገር ግን ቧንቧ ይሰበራል፤ ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ በጀሪካን ይቀመጣል። በገጠር ያለው ወገናችን ደግሞ የሚበዛው ከምንጭ፣ ከወንዝና ከጉድጓድ ይቀዳል። ስለዚህ የመጨረሻው የማንጫ ሥፍራ የእያንዳንዱ ሰው ቤት ነው ማለት ነው።

ለመሆኑ ክሎሪን እንዴት ይሠራል? በኬሚስትሪ ትምህርታችን እንደ ተማርነው፣ ክሎሪን በውሃ ሲሟሟ ሃይፖክሎረስ አሲድ የተባለ ነገር ይፈጠራል። ይህም የጀርሙን ሽፋን አልፎ ወደ ውስጥ ይገባና ለሕይወቱ የሚያስፈልጉትን ነገሮች ያቃጥልበታል። ሥራውን ለመጨረስ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሻል። ሁለተኛም ነገር አለ። ክሎሪን ጀርምንና ጭቃን አይለይም፤ ያገኘውን ሁሉ ይዋጋል። ደፍርሶ በመጣ ውሃ ላይ ቢጨመር ኀይሉን በጭቃው ላይ ጨርሶ ጀርሙ ይተርፋል። ስለዚህ አስቀድሞ ማጥለልና ማጣራት ግድ ነው። ክሎሪን ከሌሎች ዘዴዎች የሚበልጥበትም ጠባይ አለው፤ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ጥቂቱ በውሃው ውስጥ ቀርቶ እንደ ዘብ ይጠብቃል። የፈላ ውሃ ቀዝቅዞ የቆሸሸ ጣሳ ቢገባበት ወዲያው ይበከላል፤ ክሎሪን ያለበት ውሃ ግን ለጥቂት ጊዜ ራሱን ይከላከላል።

በቤት ውስጥ የሚደረገው እንዲህ ነው። ውሃው ደፍርሶ እንደ ሆነ እስኪጠል ድረስ ይቀመጥ፤ ከዚያ አራትና ከዚያ በላይ በታጠፈ ንጹሕ አሮጌ ጨርቅ ይጣራ። ይህን ጨርቅ አትናቁት፤ በባንግላዴሽ አገር ሴቶች አሮጌ ሳሪያቸውን አጥፈው ውሃ እንዲያጣሩበት በተደረገው ጥናት ኮሌራ በግማሽ ያህል መቀነሱ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ታውቋል። የኮሌራ ጀርም በውሃ ውስጥ ከሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት ላይ ተጣብቆ ስለሚገኝ ጨርቁ ከነተሸካሚው ይይዘዋል። የእኛም እናቶች አሮጌ ነጠላ አያጡም። ከተጣራ በኋላ እንደ «ውሃ አጋር» ያለውን ለመጠጥ ውሃ የተዘጋጀ መድኃኒት በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ፣ ነቅንቆ፣ ከድኖ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። መለኪያውን በግምት ማድረግ አይገባም፤ ቢያንስ ጀርሙ አይሞትም፤ ቢበዛ ውሃው አይጠጣም። ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ ሽቱ የተጨመረበት በረኪና ለመጠጥ አይሆንም።

መድኃኒቱ በማይገኝበት ቤት ማፍላት አለ። ውሃ በከፍታ ቦታ ቶሎ ይፈላል፤ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህም ጀርምን ለመግደል ይበቃል። ነገር ግን ከ2 ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ደጋ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ መተው ያስፈልጋል። ማገዶ ለቸገረውም ፀሐይ አለ። የጠራ ውሃ፣ ከሁለት ሊትር በማይበልጥ ቀለም በሌለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ ስድስት ሰዓት በጠራ ፀሐይ ላይ ቢጋደም ጨረሩ ጀርሙን ይገድለዋል፤ ሰማዩ ደመና ከሆነ ሁለት ቀን ይተው። በመጨረሻም የነጻው ውሃ ክዳን ባለው፣ አፉ በጠበበ ዕቃ ይቀመጥ፤ እየዘነበሉ ወይም በቧንቧ ይቀዱ እንጂ እጅ የነካው ጣሳ አይጥለቅበት። በዚህ ረገድ የአያቶቻችን እንስራ አፉ ጠባብ በመሆኑ ከባልዲ ይሻላል።

እውነተኛ ለመሆን የዚህን ሥራ ወሰንም መናገር አለብን። ክሎሪን ሁሉን አይችልም፤ የወስፋትን እንቁላልና አንዳንድ ጠንካራ ጀርሞችን አይገድልም፤ ለእነዚህ ማፍላት ይበልጣል። በስምጥ ሸለቆ በአንዳንድ ቦታ ውሃው ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ጥርስን ያበልዛል፤ አጥንትንም ይጎዳል። ይህን ክሎሪንም ማፍላትም አያስወግደውም፤ ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። ደግሞም እጅ በሳሙና ካልታጠበና መጸዳጃ ቤት ከሌለ፣ በአንድ በር ያስወጣነው ጀርም በሌላው ይመለሳል።

አሁን ብዙ ጊዜ የምንሰማቸውን ሁለት ክርክሮች እናንሣ። አንደኛው «ይሸታል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ጥቂት ይሸታል። ነገር ግን ያ ሽታ ዘቡ በሥራው ላይ መሆኑን የሚያስታውቅ ድምፅ ነው። ከድኖ ማሳደር ሽታውን ያቀለዋል። ክሎሪን ጉዳት እንዳለው የሚፈሩም አሉ፤ የዓለም የጤና ድርጅት ግን በልኩ የተደረገ ክሎሪን የሚያሰጋው፣ ውሃን ሳያነጹ መጠጣት ከሚያመጣው አደጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ መሆኑን ያስገነዝባል።

ሁለተኛው ክርክር «አያቶቻችን ይህንኑ ጠጥተው ኖረዋል» የሚል ነው። ይህ ቃል ከሽማግሌ አፍ ስለሚወጣ በአክብሮት መመለስ ይገባዋል። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ የአገራችን በሄድን ጊዜ፣ ከመካከላችን አያት ያለን ሁሉ «እማማ፣ ስንት ወለዱ?» ብለን ጠየቅን። መልሱ በየቤቱ አንድ ዐይነት አነጋገር ነበረው። «ይህን ያህል ወልጄ ይህን ያህል ቀሩልኝ» የሚል ነው። አንዳንዶቹ የሞቱትን ልጆች ስም አንድ በአንድ ጠርተው፣ ይህ ገና ሳይሄድ፣ ይህች ጡት ስትጥል፣ እያሉ ነገሩን። ሁሉ በውሃ ምክንያት ሞተ አንልም፤ ኩፍኝም ወባም ፈንጣጣም ነበረ። ነገር ግን «ሆዱን ታሞ በሦስተኛው ቀን» የሚለውን ቃል ደጋግመን ሰማን። እንግዲህ አያቶቻችን ያንን ውሃ ጠጥተው ኖረዋል የምንለው የኖሩትን ብቻ ቆጥረን ነው። ያልኖሩት ቀርበው ሊመሰክሩ አይችሉም። እኛ ግን ልንመሰክርላቸው እንችላለን፤ የተማርነውም ለዚህ ነው።

በትምህርት ቤታችን ይህን ለመፈጸም ትንሽ ነገር ጀምረናል። በምግብ አዳራሹ ደጃፍ ሁለት ክዳንና ቧንቧ ያላቸው በርሜሎች ቆመዋል። በየቀኑ ጠዋት ከደወል በፊት ሁለት ተረኛ ተማሪዎች በርሜሎቹን ያጥባሉ፤ ውሃውን ያጣራሉ፤ መድኃኒቱን ለክተው ይጨምራሉ፤ ሰዓቱንም በደብተር ይጽፋሉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቧንቧው አይከፈትም። በጠማን ጊዜ ያ ግማሽ ሰዓት ረዥም ነው፤ በተለይ ከኳስ ጨዋታ በኋላ! ነገር ግን መጠበቅን ተምረንበታል። ይህን ሥራ ያለ መምህሮቻችን ምክር ልንጀምረው ባልቻልንም ነበርና እናመሰግናቸዋለን።

እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በዚህ ዓመት መጨረሻ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። አንዳንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዳንዱ ወደ ሥራ፣ አንዳንዱም ወደ ገጠሩ ይመለሳል። ለ11ኛ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የምናወርሰው ሀብት የለንም፤ የበርሜሎቹን ቁልፍና ያንን ደብተር ግን እናስረክባችኋለን። ደብተሩ አንድ ቀን እንኳ ሳይጻፍበት እንዳያልፍ አደራ እንላለን። ጀርም በዓል አያከብርም፤ ዕረፍትም አይወጣም።

ወላጆቻችን ሆይ፤ እናንተ እኛን ለማስተማር ብዙ ደክማችኋል። ልጃችሁ ወደ ቤት ተመልሶ «ይህ ውሃ ሳይነጻ አይጠጣ» ቢላችሁ እንደ ድፍረት አትቁጠሩበት፤ የላካችሁትን ትምህርት ይዞ መመለሱ ነውና። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያነብላችሁ፤ ይለካላችሁ፤ ለትንንሾቹም ያስተምር። በአንድ ቤት አንድ አንባቢ ካለ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ተማሪዎች ሆይ፤ እኛም ይህን ስንነግር በትዕቢት አይሁን። እናቶቻችን ያንን ውሃ በጀርባቸው ከሩቅ ተሸክመው ያመጡት እኛን ለማኖር ነው። እነርሱ ያመጡትን ውሃ በንጽሕና መጠበቅ ለድካማቸው የምንከፍለው ትንሹ ብድር ነው።

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ይባላል።